ሩብ ኪኒን ላይ ደርሻለሁ፤ ሲመሽ ግን አልጋዬን እፈራዋለሁ

ሩብ ኪኒን (ከሌሊቱ 9፡20)

ሰላም ለናንተ። ሰዓቱን ስታዩ ገብቷችኋል፣ አልተኛሁም።

ነገሬ ይኸው ነው። ዞልፒዴም የሚባለውን የእንቅልፍ ኪኒን፣ 10 ሚሊግራሙን፣ ለሁለት ዓመት ተኩል በየማታው ውጫለሁ። ሲጀመር የታዘዘልኝ ለሁለት ሳምንት ነበር። ከዚያ ማን ያቁመው። በቅርቡ ሐኪሜን «ልተወው» አልኳት፤ «በአንዴ አይሆንም፣ ቀስ እያልን» አለችኝ። ከ10 ወደ 7.5 ስወርድ ሦስት ሌሊት አስቸገረኝና ለቀቀኝ። ከ7.5 ወደ 5 ስወርድ ሳምንት ያህል ፈጀብኝ። አሁን 2.5 ላይ ነኝ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ ይኼኛው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

የኪኒኑ ማነስ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የከበደኝ ማታው ራሱ ነው። ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሆዴ ይላወሳል። «ዛሬስ?» እላለሁ። ጥርሴን ስቦርሽ እጄ በረዶ ይሆናል። የሚገርመው፣ 3 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ቴሌቪዥን እያየሁ አንገቴ ይወድቃል፤ ታንኮራፊያለሽ ሁሉ ይሉኛል። ተነስቼ አልጋ ውስጥ ስገባ ዓይኔ ቦግ! ከዚያ ስሌቱ ይጀመራል። አሁን ከተኛሁ አምስት ሰዓት አገኛለሁ፣ አሁን ከተኛሁ አራት ተኩል፣ አሁን ከተኛሁ...

ሌላም አለ፣ ስትስቁብኝ አይቀርም። 10 ሚሊግራሙን ኪኒን አራት ቦታ የምቆርጠው በምላጭ፣ ሳህን ላይ ነው። ሩቦቹ መቼም እኩል አይወጡም። አንዱ ጥፍር የሚያህል ይሆናል፣ አንዱ ዱቄት። እጄ ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ይሄዳል። ሳህኑ ላይ የቀረችውን ዱቄት ደግሞ በጣቴ እያነሳሁ እልሳታለሁ። ትናንት ስልስ መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁትና አፈርኩ።

በዚህ ያለፈ ሰው አለ? ወደ 5 ልመለስ ወይስ ልቻለው?

ነገም ይነጋል (ከሌሊቱ 9፡41)

እኔም ነቅቻለሁ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ዱቄቷ ጋ ስደርስ ግን ሳቅኩ፣ ይቅርታ። እኔ ሎራዜፓም የሚባል የማረጋጊያ ኪኒን ፍርፋሪ ከመሳቢያ ጥግ በመርፌ ቆፍሬ ያወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ከተውኩት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ ያስነሳኝ የጥርስ ሕመም ነው፣ እንቅልፍ አልጠፋም።

የመድኃኒት ቤት ሰው (ከጠዋቱ 2፡05)

ፋርማሲስት ነኝ፣ ሐኪምሽ ግን አይደለሁም። መጠኑን ከእሷ ጋር ወስኚ። ለምን ይኼኛው እንደከበደሽ ግን ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

ከ10 ወደ 7.5 ስትወርጂ የጎደለብሽ ሩቡ ነው። ከ7.5 ወደ 5 ሲሶው። ከ5 ወደ 2.5 ግን ግማሹ! የምትቀንሺው ሁሌም ያው 2.5 ነው፤ ሰውነት የሚሰማው ግን ከለመደው ውስጥ ስንት እጅ እንደሄደበት ነው። ስለዚህ ወደ ታች በተጠጋሽ ቁጥር እርምጃው እያነሰ መሄድ አለበት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከላይ አይደለም፣ «ይህቺን ታህል ምን አላት» ብሎ መጨረሻው ላይ ነው።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንጎላችን ጋባ የሚባል የሚያረጋጋ ኬሚካል አለው። ዞልፒዴምም፣ እነ ዳያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላምም የዚህን ኬሚካል ሥራ ያጎለብቱለታል። ወራት ሲያልፉ አንጎል «ፍሬኑን ሌላ ሰው ይዞልኛል» ብሎ የራሱን እግር ያነሳል። ኪኒኑ ሲቀንስ፣ እግሩን እስኪመልስ ድረስ ፍሬኑ ላላ ይላል። ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ቅዠት ይበዛል፣ እንቅልፉም ከመድኃኒቱ በፊት ከነበረው ብሶ ይጠፋል። ሰው ይኼን ሲያይ «ያለ ኪኒን መተኛት አልችልም ማለት ነው» ይላል። አይደለም። መድኃኒቱ ሲወጣ የሚያስነሳው አቧራ ነው፣ ይሰክናል። በዞልፒዴም ላይ ቶሎ ይታያል፣ ምክንያቱም በ2 ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ከደም ይወጣል። ዳያዜፓም ግን ቀናት ስለሚቆይ ጣጣው ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ምላጩን ተይው። 5 ሚሊግራም ኪኒን አለ፤ እሱን ለሁለት መክፈል ይቀላል። ኪኒን መቁረጫ የምትባል ትንሽ ሳጥንም አለች። ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነት ከሆነ ግን ጨርሶ አይቆረጥም፣ አይፈጭም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚዋጠው ሰዓቱ ሲደርስ እንጂ ሲጨንቅ አይደለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «አንዷን ብቻ» ያልሽ ቀን፣ አንጎልሽ ጭንቀትን የኪኒን መጥሪያ ደወል ያደርገዋል። ደግሞም ዞልፒዴም ተውጦ ቢያንስ 7 ሰዓት የመኝታ ጊዜ ከፊት መኖር አለበት፣ ካልሆነ ጠዋት መኪና መንዳት አደጋ ነው።

ቆራጡ (ከጠዋቱ 3፡30)

አቦ ምን ይኼ ሁሉ ሒሳብ! እኔ አንድ ቀን ሽንት ቤት ውስጥ ደፋሁት፣ አለቀ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም፣ በአራተኛው ድብን አልኩ። ወኔ ነው የሚፈልገው።

ከወለል የተነሳሁ (ከጠዋቱ 4፡12)

@ቆራጡ ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ወጣህ። እኔም ወኔ ነበረኝ። አልፕራዞላም ሦስት ዓመት ከወሰድኩ በኋላ አንድ እሑድ ጣልኩት። ማክሰኞ ጠዋት ልብስ እየተኮስኩ ነበር። የማስታውሰው የካውያውን እንፋሎት ነው። ቀጥሎ የማስታውሰው ጣሪያ፣ የደም ጣዕምና በላዬ ያጎነበሱ ሰዎች። የሚጥል በሽታ በዘሬም የለም። ምላሴ ላይ ያለው ጠባሳ እስካሁን ይሰማኛል።

ሆስፒታል ውስጥ የመጀመሪያው ሐኪም «ለምን አቆምሽ» ብሎ ተቆጣኝ እንጂ እንዴት እንደሚቆም አልነገረኝም። ሁለተኛው ነው ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ። ወደ ዳያዜፓም ቀየረልኝ፤ በደም ውስጥ ረጅም ስለሚቆይ ከፍና ዝቅ የለውም። ከዚያ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ከአሥር እጅ አንድ እጅ እየቀነስን፣ የከበደኝ ጊዜ እየቆምን፣ 14 ወር ፈጀ። ይኼ መንገድ የእሱ ፈጠራ እንዳልሆነ ኋላ ነው ያነበብኩት። ሄዘር አሽተን የሚባሉ ፕሮፌሰር እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 ለዚሁ ብቻ ክሊኒክ ከፍተው ነበር። ፍጥነቱን የሚወስነው በሽተኛው ነው ይሉ ነበር። እኔን ያዳነኝ ይኼ ነው፣ ማንም አላጣደፈኝም።

የመድኃኒት ቤት ሰው (ከጠዋቱ 4፡40)

የሷን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቡት። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እነ አልፕራዞላም፣ ሎራዜፓምና ዳያዜፓም ባሉበት የቤንዞዲያዜፒን መድኃኒቶች ሁሉ ላይ ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው ለዚህ ነው፤ በድንገት ማቆም እስከ ሞት ያደርሳል። @ቆራጡ ለምን ያህል ጊዜ ነበር የወሰድከው?

ቆራጡ (ከቀኑ 6፡15)

ሦስት ሳምንት። እሺ፣ ገባኝ። ዝም ብያለሁ።

ጡረተኛው (ከቀኑ 9፡00)

ልጄ ሩብ ኪኒን፣ ስለ መድኃኒቱ ከእኔ የሚሻሉት ተናግረዋል። እኔ ስለዚያ ሶፋ ልንገርሽ።

ሶፋ ላይ የሚጥልሽና አልጋ ላይ የሚሸሽሽ አንድ እንቅልፍ ነው። ልዩነቱ ሶፋው ላይ ማንም እንቅልፍ አልጠየቀሽም። አልጋሽ ግን ለወራት የጭንቀት ወንበር ሆኖ ቆይቷል፤ ትራሱን ስትነኪው ሰውነትሽ «ፈተና ተጀመረ» ይላል። እኔም ሚስቴ ካረፈች ጀምሮ እንደዚያው ነበርኩ። በዚያ ላይ አምስት ዓመት ዳያዜፓም። የተላክሁበት ባለሙያ የእንቅልፍ የባህሪ ሕክምና ነው ያለኝ። ስድስት ቀጠሮ፣ ንግግርና የቤት ሥራ ብቻ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከኪኒን በፊት ይኼ ይሞከር ብሏል። ሳይነገረን ስንት ዓመት ዋጥን!

ሕጉ ሲሰሙት ቀላል ነው። አልጋ ላይ የምትወጪው እንቅልፍሽ ሲመጣ ብቻ። ካልተኛሽ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስልሽ፣ በግምት እንጂ በሰዓት አይደለም፣ ተነሺ። ሌላ ቦታ ሄደሽ ደብዘዝ ባለ መብራት የሚያሰለች ነገር ሥሪ። ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ። ደግሞ ካልመጣ ደግሞ ተነሺ። ጠዋት ግን እንዴትም አድረሽ በዚያው ሰዓት ውጪ። ሪቻርድ ቡትዚን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1972 ያመጣው።

የመጀመሪያው ሌሊት አምስት ጊዜ ተነሳሁ። የማደርገው ስለጠፋኝ ካልሲ ማጣመድ ጀመርኩ። ካልሲው አለቀ። ፈታሁትና እንደገና አጣመድኩት። በሦስተኛው ዙር አንዷ ካልሲ እጄ ላይ እንዳለች ወንበሩ ላይ ሸለብኩ። ባለሙያው ሲሰማ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር፤ «ወንበሩ ላይ አይቆጠርም፣ አልጋ ላይ ነው» ብሎ ቀጣኝ።

ከዚያ ከባዱ መጣ። በቀን መዝገብ ስጽፍ አልጋ ላይ ዘጠኝ ሰዓት እጋደማለሁ፣ የምተኛው ግን አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ የአልጋ ሰዓቴን ወደዚያው አጠበበው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቆሜ እንቅልፍ ስታገል ብታይኝ! ሁለት ሳምንት እንደ ሰከረ ሰው ዋልኩ። ግን ያ ሁሉ ድካም ተጠራቅሞ አልጋ ላይ ሲጥለኝ፣ መፍራቱ ጊዜ አጣ። አልጋ ላይ ካለፈው ሰዓት ከመቶ 85 እጁን ስተኛ ደግሞ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨምርልኝ ጀመር። ማስጠንቀቂያም አለው፤ ከአምስት ሰዓት በታች አይወረድም። የሚጥል በሽታ፣ ባይፖላር ወይም ረጅም መንገድ መንዳት ያለበት ሰው ያለ ሐኪም አይነካውም።

ሩብ ኪኒን (ከምሽቱ 1፡10)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካልሲው ላይ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ መድኃኒት እየቀነስኩ እያለ ይኼን መጀመር እችላለሁ? ወይስ ከጨረስኩ በኋላ? ሁለተኛ፣ ባሌን እቀሰቅሰዋለሁ ብዬ ነው ሌሊቱን እንደ እንጨት ደርቄ የማድረው። በጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ነው።

ጡረተኛው (ከምሽቱ 1፡35)

ባልሽን ጠይቂው። ደርቆ ያደረ ሰው አጠገቡ ተኝቶ የማይሰማው ከመሰለሽ ተሳስተሻል።

የመድኃኒት ቤት ሰው (ከምሽቱ 2፡00)

አብሮ ይሄዳል፣ እንዲያውም አብሮ ሲሄድ ነው የሚሻለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ የካናዳ ጥናት 76 በዕድሜ የገፉ፣ ቤንዞዲያዜፒን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎችን ሦስት ቦታ ከፈለ። ቀስ ብለው ብቻ የቀነሱት 48 ከመቶ ያህሉ ተላቀቁ። ቅነሳውን ከባህሪ ሕክምናው ጋር ያደረጉት 85 ከመቶ። ሰዓት ማጥበቡን ግን በገዛ እጅሽ አትጀምሪው፣ ለሐኪምሽ ንገሪያት። ከአልጋ መነሳቱን ዛሬውኑ መጀመር ትችያለሽ።

ሰዓት ጠላቴ (ከምሽቱ 2፡22)

እኔ የስሌቱ ነገር ነው የነካኝ፣ «አሁን ከተኛሁ አራት ተኩል» ያልሽው። ሰዓቱን አዙሪው። እኔ የግድግዳውን አወረድኩ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስገባሁ፣ ለማንቂያ ደግሞ ትንሽ ሰዓት ገዝቼ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት። የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ሱስ ነው፣ እጅሽ ስልኩን ይፈልጋል። ካላየሽው ግን መቀነስም መደመርም የለም።

ሁለተኛ፣ ጭንቀቱን ቀጠሮ ስጪው። እኔ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብዬ የሚያስጨንቀኝን እጽፋለሁ። ማታ ሲመጣ «ነገ 12 ሰዓት ላይ እንገናኝ» እለዋለሁ። ስትሰሚው ያስቃል፣ ይሠራል ግን። ከመኝታ በፊት ደግሞ አምስት ደቂቃ የነገ ሥራዎቼን እዘረዝራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ላይ የነገውን የጻፉት ሰዎች የሠሩትን ከጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል። ዘጠኝ ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። ለተኛ ሰው ነው ትንሽ!

ሦስተኛው እብደት ነው። አንድ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ፣ መብራት አጥፍተሽ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ «አልተኛም» በይ። ለመተኛት አትሞክሪ፣ ላለመተኛት ሞክሪ። ስልክ የለም፣ መገላበጥ የለም፣ ዝም ብለሽ ንቂ። ባለሙያዎቹም ይጠቀሙበታል። እንቅልፍ እንደ ድመት ነው፤ ስትጠሪያት ትሸሻለች፣ ስትተያት እግርሽ ላይ ትተኛለች።

አዲስ ገቢ (ከምሽቱ 3፡05)

እኔ ኪኒን በተውኩበት ጊዜ ማታ ማታ አንድ ሁለት ብርጭቆ ወይን ነበር የረዳኝ...

የመድኃኒት ቤት ሰው (ከምሽቱ 3፡09)

በፍጹም! አልኮልም የሚነካው ያንኑ ጋባ ነው። ከኪኒኑ ጋር ሲደመር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ብቻውንም ቶሎ ያስተኛና ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ይቀሰቅሳል። የአለርጂ ኪኒን እየዋጡ መተኛትም መፍትሔ አይደለም፤ በቀናት ውስጥ ይለመዳል፣ አረጋውያንን ደግሞ ያደናግራል። አንዱን ሱስ በሌላ አንተካው።

ነገም ይነጋል (ከምሽቱ 3፡30)

ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡናም ይታይ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እኔ 10 ሰዓት ላይ ጠጥቼ ማታ ኪኒኑን የምረግም ሰው ነበርኩ። ጥርሴ ተነቅሏል፣ ለጠየቃችሁኝ።

ሩብ ኪኒን (ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ተመልሻለሁ። ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ሒሳቡን ሳሳያት ሳቀችና «ልክ ነው» አለች። 2.5 ላይ ሦስት ሳምንት እንድቆም፣ ከዚያ ወደ ባዶ ከመዝለል ይልቅ በመሃል ትንሽ ደረጃ እንድንጨምር ተስማማን። 5 ሚሊግራሙን ቀየረችልኝ፣ ምላጩ ተጥሏል። ሁለቱ ግማሾች እኩል ስለሆኑ የምመርጠው ትልቅ የለም። እጄ ግን አሁንም ይፈልጋል።

ከአልጋ መነሳቱ አስጠላኝ። ሙቀቱን ትቶ መውጣት ማለት... የመጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ፣ ሁለተኛው ቀን ስድስት ጊዜ ተነሳሁ። አለቀስኩ። ስድስተኛው ሌሊት ላይ ሁለት ጊዜ። ትናንት አንዴ ብቻ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር አላውቅም፣ ሰዓት የለማ!

ባሌን ጠየቅኩት። «ስትነሺ ነው የምተኛው» አለኝ። ለካ አጠገቡ ደርቄ ሳድር እሱም ነቅቶ ትንፋሼን ያዳምጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ...

ልቤ አሁንም 1 ሰዓት ላይ ይመታል። ግን «አልተኛም ይሆናል» የሚለው ያን ያህል አያስፈራኝም፣ ምክንያቱም ባልተኛ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። እነሳለሁ፣ በቃ።

ከወለል የተነሳሁ (ከጠዋቱ 1፡50)

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ያለ ምክንያት አንድ ክፉ ሌሊት ይመጣል። ሲመጣ «ወደ ዜሮ ተመለስኩ» እንዳትዪ። እኔ መዝገቤ ላይ አንድ ቃል ብቻ እጽፍበት ነበር፤ «ዝናብ»።

ጡረተኛው (ከጠዋቱ 3፡00)

ጎሽ ልጄ። ሶፋውስ?

ሩብ ኪኒን (ከጠዋቱ 3፡04)

ሶፋው ላይ... ትንሽ እሸልባለሁ ጋሼ። አምስት ደቂቃ ብቻ። አይቆጡኝ።

ጡረተኛው (ከጠዋቱ 3፡06)

ካልሲ ልላክልሽ?